ጣሪያ

እኔ ጣሪያ ሠሪ ነኝ፤ ሌላ ሙያ የለኝም፤
ከመዶሻና ከምስማር በቀር ቋንቋ አላውቅም።
ኤልዜር ፎንተኖ ይሉኛል፣ በሉዊዚያና ረግረግ አፋፍ፣
ባሕሩ በየዓመቱ ክንድ ክንድ ከሚበላው ጫፍ።

ማዕበሉ ባለፈ ማግስት መንደራችን ሰማያዊ ሆነ፤
በየቤቱ አናት ሸራ ተወጠረ፣ ቀዳዳው ተሸፈነ።
«ሽፋን አላችሁ?» ይለናል የመድን ወኪሉ ደልፊን፤
አለን እንላለን፣ ሸራውን እያሳየን።

ከዚያ የአረቦኑ ደረሰኝ መጣ፤
የወይዘሮ ዘኖቢ ክፍያ ከጡረታዋ በልጦ ወጣ።
ባሏ የሽሪምፕ ጀልባውን ሸጦ ያሠራላት ቤት
ሆነባት የማይሸከሙት ዕዳ፣ የማይጥሉት ርስት።

በአዳራሹ ተሰበሰብን፤ ኮሚሽነሩ ከዋናው ከተማ መጣ፣
ክራቫቱን አላልቶ፣ በእኛ ፋንታ ተቆጣ።
«ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ ጠረጴዛውን በቡጢ መትቶ፣
«ለአረቦን ጣሪያ አበጅቻለሁ፤ ማንም አያልፍም ከዚያ ወጥቶ!»
አጨበጨብን።
እኔም አጨበጨብኩ፣ ሠላሳ ዓመት ጣሪያ የሠራሁ ሰው፣
ምሰሶው የታለ ብዬ ሳልጠይቀው።

መጀመሪያ አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ትሁት፣ በነጭ ፖስታ፤
«በታላቅ አክብሮት» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ «ይቅርታ»።
ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ኩባንያዎቹ ሁሉ
በዋጋው ጣሪያ ሥር ጎንበስ ብለው መኖር ስላልቻሉ
ሻንጣቸውን አንሥተው ወደ ደረቅ አገር ኮበለሉ።
ደልፊንም ሰሌዳውን ነቀለ። ከግድግዳው ላይ ፀሐይ ያልነካው
አራት ማዕዘን ብቻ ቀረ፤ ባለፍን ቁጥር የምናየው።

ከዚያ ወዲያ ውሉ ጠፋ፤ የወረቀቱም፣ የልቃቂቱም፤
ባንኩ «መድን ለሌለው ብድር የለም» አለ፤ ብድር ለሌለው ገዢ የለም።
የዘኖቢን ቤት ሊገዙ የመጡት ወጣት ባልና ሚስት
ኩሽናውን ወደዱት፣ የምሥራቁን መስኮት ወደዱት፣
ሲመሻሽ ግን መኪናቸውን አስነሥተው አለፉት።
ቤት ካልተሸጠ ጣሪያ አይታደስም፤ ጣሪያ ካልታደሰ እኔ ምን ልብላ?
ረዳቴን ቲቡርስን አሰናበትኩት፣ ምሳ አብረን በልተን፣ ከዚያ በኋላ።

መንግሥት አንድ ማኅበር አለው፣ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል የሚቀበል፤
ተቀበለን፤ ግን ዋጋው የድሮውን እጥፍ ያህል።
ማኅበሩም ሣጥኑ ሲጎድል በሁሉም ላይ ጥቂት ጥቂት ጣለ፤
ባሕር አይቶ የማያውቅ የሰሜን ገበሬ፣ «የማን ማዕበል ነው?» እያለ
ከፈለ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ጣሪያው ተነሣ፤
አዲስ ኩባንያ መጣ፣ ፈገግታው ሰፊ፣ ካዝናው የሳሳ።
ዋጋ ሲያይ የከረመው ሹም ካዝናውን ሳያይ ፈቀደ፤
በሚቀጥለው ነሐሴ ነፋስ ሲነሣ፣ ኩባንያው ከቆርቆሮው ቀድሞ ሄደ።

ሹሙን አልሰድበውም። ዋጋ ያለ ልጓም ምን እንደሚሠራ
ከዘኖቢ ደረሰኝ ላይ አይቻለሁ፤ ቁጥሩ እንደ ተራራ።
ግን ጣሪያ ከላይ አይጀመርም፤
ይህንኑ ጽፌ ላኩለት፤ መልስ አልመጣም።

ትናንት ዘኖቢ ጠራችኝ። መሰላሌን አስደግፌ ወጣሁ፤
ሁለት ቆርቆሮ ቀየርኩ፣ የላላውን ምስማር አጠበቅሁ።
ስወርድ አንድ ቅርጫት ሽሪምፕ ሰጠችኝና፣ የልጅ ደብተር ገልጣ፦
«ጻፍልኝ» አለች፣ «ይህ ጣሪያ ቢገነጠል፣ ሳታስከፍለኝ እንድትመጣ።»
ጻፍኩ። ፈረምኩ። ሽሪምፑ አረቦን ሆነ፤
ያለ ፈቃድ መድን ሰጠሁ፤ ሕግ ተጣሰ፣ አንድ ቤት ተሸፈነ።

ኮሚሽነሩ መጥቶ «መጠባበቂያ ካፒታልህ ስንት ነው?» ቢል፦
ሁለት ሣጥን ምስማር፣ አንድ የእንጨት መሰላል።
ቀኝ ጉልበቴም አለ፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል
ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል።